እናትን ይዞ ቡታን መሄድ፦ ለጠያቂዋ እህት ከልምድ የተሰጠ መልስ

እናትዎን ይዘው በመጪው ጥቅምት በሂማላያ ተራሮች ወዳለችው ቡታን ለመሄድ እንዳሰቡ ጽፈው፣ በየሌሊቱ የሚከፈለው 100 ዶላር ይገባው እንደሆነ፣ አምስት ቀን ይበቃ እንደሆነ፣ መንገዱም ለእናትዎ ይከብድ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ከአዲስ አበባ እናቴን ይዤ ስለ ሄድሁ የእርስዎ ጉዞ ከእኔ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። ስለ ሆቴልና ስለ ልብስ ሌሎች አባላት በቂ ምክር ሰጥተዋል፤ እኔ ግን ማንም ያልነገረኝንና ዋጋ ያስከፈለኝን በቁጥር ላስቀምጥልዎ።

1. 100 ዶላሩ የሆቴልም፣ የምግብም፣ የመኪናም ዋጋ አይደለም። ለመንግሥት የሚገባ የዘላቂ ልማት ክፍያ ነው። ከኮቪድ በኋላ በ2022 አገሩ ለጎብኚ ሲከፈት 200 ዶላር የነበረው በ2023 በግማሽ ቀንሶ እስከ ኦገስት 2027 መጨረሻ እንዲጸና ተወስኗል (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል 40 ዶላር የቪዛ ማመልከቻም አለ። አንዳንድ ወኪሎች እነዚህን ሁለቱን ሳያካትቱ ዋጋ ስለሚነግሩ ጠቅላላውን ድምር ይጠይቁ። ይገባዋል ወይ ላሉት፣ በእኔ እምነት ይገባዋል። ሕገ መንግሥታቸው ከአገሩ መሬት ቢያንስ 60 በመቶው ለዘለዓለም በደን ተሸፍኖ እንዲኖር ያዝዛል፣ ሕዝቡም በነጻ ይታከማል። ከባሕር ዛፍ በቀር ደን ሳያይ ላደገ እንደ እኔ ላለ ሰው፣ ከዋና ከተማቸው ከቲምፉ ተነሥቶ ወደ ዶቹላ የተራራ በር ሲወጣ ከተራራ እስከ ተራራ ሳይቋረጥ የሚታየው ጥንታዊ ደን ብቻውን ክፍያውን የሚያስረሳ ነው።

2. መሸጋገሪያው። እባክዎ ይህን ቁጥር ከሁሉ አስበልጠው ያንብቡት። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታን ቀጥታ በረራ የለም። እንደ ዴልሂ ወይም ባንኮክ ካለ ከተማ በድሩክ ኤር ወይም በቡታን ኤርላይንስ የቡታን አየር ማረፊያ ወዳለባት ወደ ፓሮ ይገባሉ። የፓሮ ማረፊያ በተራሮች መካከል ባለ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ አብራሪው ሸለቆውን በዓይኑ እያየ ነው የሚያርፈው፤ ስለዚህ አውሮፕላን የሚያርፈው በቀን ብርሃን ብቻ ነው፣ ደመና ሲወርድም በረራው ይዘገያል። ያመለጠው ሰው «የማታውን እይዛለሁ» ማለት አይችልም።

ቲኬት የሸጠልን ቢሮ ሁለቱን በረራዎች በተለያዩ ቲኬቶች ቆርጦ፣ በመካከል ጥቂት ሰዓታት ብቻ ትቶ፣ «ከአውሮፕላን ማረፊያው ስለማትወጡ የመሸጋገሪያ ቪዛ አያስፈልጋችሁም» አለን። ጥርጣሬ ስለ ነበረኝ ደግሜ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ በጽሑፍም አረጋገጡልኝ። መሸጋገሪያው ከተማ ስንደርስ ግን ሻንጣችን እስከ ፓሮ አልተላከም ነበር። ቲኬቱ የተለያየ ሲሆን ሻንጣውን ራስዎ ተቀብለው እንደገና ማስመዝገብ አለብዎ፤ ሻንጣው ያለው ደግሞ ከኢሚግሬሽኑ ወዲያ ነው፣ ወዲያ ለመሻገርም ቪዛ ያስፈልጋል። የቡታንን የቪዛ ፈቃድ ለመስተንግዶው ሠራተኛ ባሳየሁት ጊዜ ሳያነብበው መለሰልኝ፤ እናቴ ቆማ እያየች ሠራተኛው ፊቱን አዙሮ ስልኩን መነካካት ቀጠለ። ለአንዲት አዛውንት ወንበር ማመልከት ምን ያህል ይከብድ ነበር? የፓሮው አውሮፕላን ሄደ። እናቴ ሌሊቱን በብረት ወንበር ላይ አሳለፈች፣ አዲስ ቲኬት በእጥፍ ዋጋ ገዛሁ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት የሆቴል ገንዘብም የመለሰልን የለም። አዲስ አበባ ተመልሼ ቢሮው ስሄድ ሥራ አስኪያጁ «እኛ የሸጥነው ቲኬት ነው፣ ቪዛ አልሸጥንም» አለኝ። የጻፉልኝን መልእክት አትሜ ጠረጴዛው ላይ ባስቀመጥሁ ጊዜ ግን ድምፁ ተለወጠ፤ ከብዙ ምልልስ በኋላ የከሰርሁትን ከፊሉን አስመልሻለሁ። እርስዎም የሚነገርዎን ሁሉ በጽሑፍ ይቀበሉ።

ስለዚህ ወይ ሁለቱን በረራዎች በአንድ ቲኬት ያስቆርጡ፣ ሻንጣውም እስከ ፓሮ የሚላክ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ወይም የመሸጋገሪያውን አገር ቪዛ አስቀድመው አውጥተው እዚያው አንድ ሌሊት ያድሩ። ለእናትዎ ሁለተኛው ይሻላል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አይርሱ። ህንድም ታይላንድም ከኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ ይጠይቃሉ፣ ካርዱ የሚጸናውም ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እናትዎ ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑና ከዚህ በፊት ካልተከተቡ ከመከተባቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። በመሸጋገሪያዎ ዴልሂን ከመረጡ በግራ በኩል መቀመጫ ይያዙ፤ ሰማዩ ከጠራ ኤቨረስትን ጨምሮ የሂማላያን ሰንሰለት ያያሉ።

ሦስተኛው ስለ ከፍታው ነው፤ እዚህ ላይ እኛ የደጋ ሰዎች ዕድለኞች ነን። ቲምፉ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ስለሆነች ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት ማለት ይቻላል። አብረውን የነበሩ አውሮፓውያን ራስ ምታት ሲያማርሩ እናቴ ምንም አልተሰማትም። አምስት ቀን ይበቃል፤ ቲምፉን አይተው፣ 3,100 ሜትር የሚሆነውን የዶቹላ በር ተሻግረው ወደ ፑናካ ይውረዱ። ፑናካ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ በእኛ አነጋገር ቆላ ነው፤ ሩዝ የሚበቅልበት ሞቃት አገር። በ1637 መሠራት የጀመረው ዞንግ፣ ማለትም ምሽግ፣ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ላይ ቆሟል፤ ግማሹ ገዳም፣ ግማሹ የአስተዳደር ቢሮ ነው። እዚያ ባለ ጉዳዮች ጎ የሚባለውን እስከ ጉልበት የሚደርስ የወንዶች ልብስ ለብሰው፣ ነጭ ነጠላ በትከሻቸው አጣፍተው ሲገቡ ያያሉ። እናቴ ይህን አይታ በጣም ደስ አላት፤ ነጠላ አጣፍቶ ወደ ተከበረ ስፍራ መግባትን ከእኛ ሰው በቀር የሚያውቅ አይመስላትም ነበር። ወደ ቤተ መቅደሶቹ ሲገቡ ጫማ ይወልቃል፣ ውስጥ ፎቶ ማንሣት አይፈቀድም። የእርስዎ እናትም እንደ እናቴ ወደ ሌላ እምነት መቅደስ መግባት ባይወዱ፣ በግቢው ቢቀመጡ ማንም ቅር አይሰኝም።

ታክሳንግን፣ ማለትም በ1692 በገደል ላይ የታነጸውን ገዳም፣ ለመጨረሻው ቀን ያቆዩት። ከፍታው ከእንጦጦ ጋር ይቀራረባል፤ የሚከብደው አየሩ ሳይሆን አቀበቱ ነው። እስከ መካከለኛው ማረፊያ በፈረስ መውጣት ይቻላል፣ መውረድ ግን በእግር ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚያስጨንቀው የእናትዎ ትንፋሽ ሳይሆን ጉልበታቸው ይሁን። እናቴ ከማረፊያው በላይ ያለውን አቀበት በከዘራ ወጥታ ገዳሙን ፊት ለፊት አይታለች። አስጎብኚው «እዚህ ይብቃዎት» ሲላት «ላሊበላን የተሳለምሁ ሰው ነኝ» ብላ እንድተረጉምላት አዘዘችኝ፤ እኔም በኩራት ተረጎምሁላት።

ስለ ምግቡ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሥጋ የማይበላ ሰው አይቸገርም፣ የጾመ ሰው ግን ይቸገራል። ዋነኛ ወጣቸው ኤማ ዳትሺ ቃሪያው እንደ ቅመም ሳይሆን እንደ አትክልት የሚበላበት ሲሆን፣ የሚሠራው ከአይብ ጋር ነው፤ ሻያቸውም ቅቤ ይገባበታል። ጥቅምት ጽጌ ስለሆነ እናትዎ የሚጾሙ ከሆነ «አትክልት ብቻ» ማለት አይበቃም፤ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል እንደማይበሉ ገና ቪዛው ሲጠየቅ ለአስጎብኚው በዝርዝር ይጻፉለት፣ እሱም ለየሆቴሉ አስቀድሞ ያሳውቅ። ለእኛ ይህ ከተነገራቸው በኋላ ቀይ ሩዝ፣ ምስር፣ በዘይት የተጠበሰ ድንችና ጎመን ሳይጓደል ቀርቦልናል።