የታሪክ ዝግጅቶችን ለሚከታተሉ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚቀርብ የታሪክ ዝግጅት እወዳለሁ፤ ግን ሁልጊዜ መሃሉ ላይ ነው የምደርሰው። የትኛውን፣ በየትኛው ሰሞን ልጠብቅ? (ጡረተኛው አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ አባታችን፣ ዋናው ወቅት የካቲት ነው። የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን፣ የካቲት 23 የዓድዋ ድል ይውላል። ቀጥሎ ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች ድል ቀን አለ። በበዓሉ ቀን ከአደባባይ በቀጥታ የሚተላለፈው ንግግርና የአበባ ጉንጉን ይበዛበታል፤ ለታሪኩ ብለው ከሆነ ከበዓሉ በፊት ያለውን ሳምንት ይያዙ።

ከሬዲዮ ግን ወቅት የማይጠብቅ አለ፤ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የሚቀርበው የመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ»። ታሪኩን የሚናገረው በዘመኑ የነበረው ሰው ራሱ ነው፤ ጠያቂዋም አታጣድፍም። ከአንድ እንግዳ ጋር የሚደረገው ጨዋታ ብዙ ጊዜ ለሳምንታት ይዘልቃል፤ መሃሉ ላይ ከደረሱ በሸገር ዩቲዩብ ወደ ክፍል 1 ይመለሱ። የእንግዳው ትውልድ፣ ቤተሰብና ሰፈር የሚነገረው እዚያ ነው፤ እሱን ያልሰማ ሰው በኋላ የሚጠሩት ስሞች ይምታቱበታል። የዓለምን ታሪክ በትረካ ለሚወድ ደግሞ እዚያው ጣቢያ ላይ የእሸቴ አሰፋ «መቆያ» አለ።

ሲያዳምጡ ስም፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት በማስታወሻ ይያዙ። አዛውንት ያዩትን አይረሱም፤ የሚሳሳቱት ዓመቱን ነው። ስለዚህ ነገሩን ከታወቀ ክስተት ጋር ያያይዙት፦ «ከታኅሣሥ ግርግር በፊት» ካሉ ከ1953 ታኅሣሥ በፊት ነው፤ «ጣሊያን ሲገባ» ካሉ 1928 ነው። ከ1933 ወዲህ የሆነውን ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ገብተው በቆየው የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ጥራዝ ማመሳከር ይቻላል።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ «የዓድዋ ጦርነት ፊልም» እና «የምኒልክ ድምፅ» ይቀርባል። እውነተኛ ናቸው? ቀኑንስ አንዱ ማርች 1፣ ሌላው ማርች 2 የሚለው ለምንድን ነው? (የ11ኛ ክፍል ተማሪዋ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ልጃችን፣ የዓድዋ ጦርነት ፊልም የለም። የሉሚዬር ወንድማማቾች ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘብ ለከፈለ ተመልካች ፊልም ያሳዩት ፓሪስ ውስጥ በታኅሣሥ 1888 ነው፤ ጦርነቱ የተደረገው በሁለት ወሩ የካቲት 23 ነው። የሚታየው ወይ በተዋናይ የተሠራ ነው ወይ ከ1928ቱ ጦርነት የተወሰደ። መትረየስ የጫነ መኪና ወይም አውሮፕላን ካየሽበት ጥርጥር የለውም፣ የ1928 ነው። ከዚያ ዘመን ምስል ብዙው የጣሊያኑ የሉቼ ተቋም ያነሣው ነው፤ ለፋሺስት ፕሮፓጋንዳ የተቀረጸ ስለሆነ ካሜራው ምንን እንደተወ ጭምር እያሰብሽ እዪው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፤ ልክ በ5 ዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመለሱ። የቀኑ መመሳሰል ስለሚያሳስት ዓመቱን አጥብቀሽ ተመልከቺ።

የምኒልክ ድምፅ ግን አለ። ከዓድዋ 3 ዓመት ያህል በኋላ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ ለላከችው መልእክት እሳቸውና እቴጌ ጣይቱ በዚያው መሣሪያ መልስ ሰጥተዋል። መልእክቱ ለንግሥቲቱ የተነገረ ሰላምታ እንጂ የክተት አዋጅ አይደለም። አዋጁ የቆየን በጽሑፍ ነው፤ በድምፅ ከሰማሽው የሚያነበው ተራኪ ነው። በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር የተደረገውንም ንግግር (ሰኔ 23 ቀን 1928) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያደረጉት በአማርኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚሰማው ትርጉም ነው።

ስለ ቀኑ ሁለቱም ልክ ናቸው። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 1900 ዓመት አንድ ቀን አልተጨመረለትም፤ በእኛ ግን አራት ዓመት እየቆጠርን ጳጉሜን 6 ማድረጋችንን አላቋረጥንም። በዚህ የተነሣ የካቲት 23 በ1888 ማርች 1 ላይ ዋለ፤ ዛሬ የሚውለው ማርች 2 ነው። የዝግጅት አቅራቢዎች ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስረዱ ብዙ ክርክር ይቀር ነበር።

ጥያቄ፦ ማታ 2 ሰዓት የሚጀምር ዘጋቢ ፊልም ሪሲቨሩ ፍላሽ ላይ እንዲቀዳ አዘዝኩት፤ የቀዳው ከ5 ሰዓት ጀምሮ ሆነ። በሌላ ቀን ደግሞ ከአንድ ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ተቆረጠ። (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ የመጀመሪያው የሰዓት ቀጠና ነው። ሪሲቨሩ በግሪኒች ሰዓት ላይ ቀርቷል፤ የኛ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ሜኑ ውስጥ ገብተው +3 ያድርጉት፤ ማታ 2 ሰዓት ለሪሲቨሩ 20:00 ነው።

ሁለተኛው የፍላሹ አፎራመት ነው። በፋት 32 የተፎረመተ ፍላሽ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አይዝም። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚመጣ ኤችዲ ቻናል በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ይወስዳል፤ የተቆረጠውም ሲሞላ ነው። በኮምፒውተር ትልቅ ፋይል ወደሚይዘው አፎራመት፣ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ይቀይሩት፤ ፎርማት ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድመው ይገልብጡ። ሪሲቨሩ ኤንቲኤፍኤስ ካልተቀበለ ቅጂውን 55፣ 55 ደቂቃ በሆኑ ሁለት ትእዛዞች ይክፈሉት። ከዝግጅቱ በፊት 5፣ ከኋላው 15 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ዜና ሲረዝም ተከታዩን ይገፋዋል።