አባቶች አንድ ቃል ቢናገሩ የነዳጅ ዋጋ ይወርዳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የነዳጅ ዋጋ በአንድ ሌሊት ጨመረ። እኔ በትንሽ የጭነት መኪና ዕቃ እያመላለስኩ ነው ልጆች የማሳድገው። አባቶቻችን በየመድረኩ ከባለሥልጣናት ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጡ እናያለን። «ዋጋው ይውረድ» ብለው አንድ ቃል ቢናገሩ መንግሥት እምቢ የሚል አይመስለኝም። ታዲያ ለምን ዝም ይላሉ? ሌላም አለኝ። ጭማሪው ሊመጣ መሆኑን አንድ ወዳጄ በዋዜማው ሹክ ብሎኝ ስድስት ጄሪካን ቤንዚን ቀድቼ ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል አስቀምጫለሁ። ለጎረቤት በአዲሱ ዋጋ ብሸጠው ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለተኛዋን ጥያቄ ከኋላ ሸጎጥ አድርገህ ነው ያለፍካት፤ እኔ ግን ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ አእምሮዬ ውስጥ የቀረችው እሷ ናት። እመለስባታለሁ።

ለመሪዎች መጸለይን፣ ግብር መክፈልን፣ መመጽወትን ታውቃለህና አልደግመውም። «አንድ ቃል ቢናገሩ» የምትለዋ ላይ ግን ልቁም። ኪራይ ሲጨምር፣ ቀረጥ ሲጨምር፣ ነዳጅ ሲጨምር ይህችኑ ይዞ የሚመጣ ሰው አላጣሁም። ከጀርባዋ ያለው ሥዕል ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አባት ስልክ ያነሣሉ፣ ሚኒስትሩ «እሺ አባቴ» ይላል፣ በማግስቱ ማደያው ላይ ያለው ቁጥር ይለወጣል። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ይህ ከመሰለን፣ ስልኩ ያልተደወለበት ቀን ሁሉ ዝም ያለች ይመስለናል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 አንድ ሰው ወደ ጌታ ቀርቦ ወንድሙ ርስቱን እንዲያካፍለው ንገርልኝ ይለዋል። ያንተው ልመና ነው። ጌታ ግን ፈራጅና አካፋይ አድርጎ ማን ሾመኝ ብሎ መለሰው። ብዙ ሰባክያን እዚህ ላይ መጽሐፉን ይከድኑታል፤ «ይኸው፣ ስለ ገንዘብ አያገባንም» ለማለት ይመቻቸዋላ! ቀጣዩን ቁጥር አንብቡልኝ እላቸዋለሁ። ወደ ሁሉም ዘወር ብሎ ከመጎምጀት ተጠንቀቁ አለ፤ ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ያሰበውን ባለጠጋም ምሳሌ አድርጎ ነገራቸው። ርስቱን አልለካም። ስለ ርስቱ ግን ተናገረ፤ የጠየቀውም ሰው ከተግሣጹ አላመለጠም።

አሁን ወደ ነዳጁ እንምጣ። ድፍድፍ ነዳጁ በዓለም ገበያ በዶላር ይሸጣል። በላዩ የማጣሪያው፣ የመርከቡ፣ የቦቴው፣ የቀረጡ ይደመራል። መንግሥት ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ሲይዝ ልዩነቱን ከግምጃ ቤት ይከፍላል፤ ድጎማ የሚባለው ይህ ነው፤ የጤና ጣቢያ መድኃኒትና የመምህር ደመወዝ የሚወጣውም ከዚያው ሣጥን ነው። ከድጎማው ብዙ የሚያገኘው ደግሞ ብዙ የሚቀዳው ነው። ሦስት መኪና ያለው ሦስት ጊዜ ይደጎማል፤ በአውቶቡስ የምትሄድ መበለት የሚደርሳት በታሪፉ በኩል የሚንጠባጠበው ነው። ስለዚህ አንድ አባት ተነሥተው «ዋጋው ይውረድ» ቢሉ ለማን እንደጮኹ እርግጠኛ መሆን አይችሉም። ነገሩ ግን ይገለበጣል፦ ድጎማው በአንድ ሌሊት ሲነሣ ቀድሞ ወገቡ የሚቆረጠው ባለ ሦስት መኪናው አይደለም፤ ያችው መበለት ናት።

በተግባር የታየ ነው። ናይጄሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የዘመን መለወጫ ዕለት ድጎማውን ስታነሣ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ65 ናይራ ወደ 141 ዘለለ። ለበዓል ወደ ትውልድ ቦታው የሄደው ሕዝብ መመለሻው እጥፍ ሆኖ ጠበቀው። አገሪቱ በሥራ ማቆም አድማ ተዘጋች፣ ሰውም ሞተ፤ መንግሥት በዚያው ወር ዋጋውን ወደ 97 አወረደው። ኢራን በ2010 መጨረሻ እጅግ የከበደ ጭማሪ ስታደርግ ግን አስቀድማ በየቤተሰቡ የባንክ ሒሳብ ገንዘብ አስገብታ ነበር። (ያንን ገንዘብ ኋላ ላይ ግሽበት በልቶታል፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።)

አባቶች ከባለሥልጣን ጋር ሲቀመጡ ሊጠይቁ የሚገባው እንዲህ ያለውን ነው። ሕዝቡ መቼ ይነገረዋል? ለአውቶቡስ ተሳፋሪው ምን ተያዘለት? ከድጎማው የሚተርፈው ገንዘብ የት ይገባል? በዋዜማው የሚያውቁትስ እነማን ናቸው? ይህችኛዋ አንተንም ትነካለች። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ይህን እንኳ የማይጠይቁ አባት ካሉ ዝምታቸውን ትሕትና ብዬ አልጠራውም።

ቀደምት አባቶች በቀረጥ ጉዳይ ነገሥታት ፊት ቆመው ያውቃሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ387 ዓ.ም. የሮም ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ አዲስ ግብር ሲጥል የአንጾኪያ ሕዝብ ተቆጥቶ የንጉሡንና የንግሥቲቱን ሐውልቶች አፈራረሰ። ቅጣቱ ከተማዋን ሊያጠፋት ይችል ነበር። ሽማግሌው ጳጳስ ፍላብያኖስ በዐቢይ ጾም፣ አንዲት እኅቱ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች ትቷት፣ ንጉሡን ሊለምን እስከ ቁስጥንጥንያ ተጓዘ። ዮሐንስ አፈወርቅ ያኔ ገና ቄስ ነው፤ ከሕዝቡ ጋር ቀርቶ ያጽናናቸው ነበር። ማጽናናት ብቻም አይደለም፤ በየቀኑ መሐላችሁን ተዉ እያለ ይገሥጻቸው ነበር። ከተራራ የወረደ መቅዶንዮስ የሚባል ያልተማረ መናኝ ደግሞ ለምርመራ የተላኩትን ሁለት ሹማምንት መንገድ ላይ አገኛቸው። የአንዱን ካባ ጨምድዶ ይዞ ከፈረስ ውረዱ አላቸው። ቡትቶ ለባሽ ሽማግሌ እንዲህ ሲላቸው መጀመሪያ ተቆጡ፤ ማን እንደሆነ ሲነገራቸው ወርደው ጉልበቱን ያዙ። ለንጉሡ የላከው ቃል ይህ ነው፦ የነሐሱን ምስል መልሰን መሥራት እንችላለን፤ አንተ ግን የገደልከውን ሰው አንዲት ፀጉር እንኳ መልሰህ መሥራት አትችልም። ከተማዋ ከፋሲካ በፊት ምሕረት አገኘች። ዮሐንስ ያቆየልን የፍላብያኖስ ንግግር የሚለምነው የሰውን ነፍስ ነው፤ ግብሩ ስንት ይሁን የሚል ነገር አታገኝበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን፣ በማገለግልበት አጥቢያ ነዳጅ የሚደብቁ ነጋዴዎችን የሚገሥጽ መልእክት እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። እህል የሚደብቀውን ሕዝብ ይረግመዋል የሚለውን የምሳሌ 11፥26 ቃል መነሻ አድርጌ ጻፍኩት፤ ራሴ ጽፌው ራሴው ወደድኩት። ሰንበት ጠዋት መጽሐፍ ልወስድ ዕቃ ቤት ስገባ ከዕጣኑ በላይ የናፍጣ ሽታ ተቀበለኝ። ሁለት በርሜል፣ ጢም ያለ፣ በአሮጌ መጋረጃ ተሸፍኖ። ገንዘብ ያዡን ብጠይቀው «ለጀኔሬተሩ ነው፤ የቤተ እግዚአብሔር ነው እኮ» አለኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ያነበብኩት በሳምንቱ ነው፤ አንዱ በርሜል ለጤና ጣቢያው ጀኔሬተር ከተሰጠ በኋላ፣ እሱንም ግማሹን ሰርዤ። ነህምያ የንጉሥ ግብር ለመክፈል ተበድረናል ብለው የጮኹትን ሰምቶ ባለጠጎቹን በአደባባይ ዘለፋቸው፤ ራሱም 12 ዓመት ሙሉ ለገዥ የሚገባውን ቀለብ ሳይበላ ኖረ። ምዕራፍ 5ን እስከ መጨረሻው አንብበው። መንግሥት እኛን የማይሰማን ብዙ ጊዜ በርሜላችንን ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጄሪካኖችህ። ወዳጅህ የነገረህን ጎረቤትህ አልሰማም። በአዲሱ ዋጋ ብትሸጥለት የምታገኘው ትርፍ የላብህ ዋጋ አይደለም፤ እሱ ባለመስማቱ የሚከፍልህ ነው። አዎ፣ ኃጢአት ነው፤ አላለሳልስልህም። አባቶች ለምን ዝም አሉ ብለህ የምትጠይቀኝ አንተ፣ በዋዜማው ለማን ነገርክ? ይህን የምልህ ልጆችህን ለማሳደግ እንደምትለፋ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ለንስሐ አባትህ ንገራቸውና ቤንዚኑን በሰልባትዮህ እየጨመርክ ሥራበት። እስኪያልቅ ድረስም ዕቃ የምታመላልስላቸውን ሰዎች በድሮው ዋጋ አስከፍል፤ አንተም በድሮው ዋጋ ነው የገዛኸው።

ይህ ሁሉ ነገ ይደርሳል። ዛሬ ማታ ግን ጄሪካኖቹን ከልጆቹ ክፍል አውጣቸው። ቤንዚን እኮ ነው!