ጣሳውን ገልብጣችሁ እዩት

እናቴ ባቲ ሰኞ ገበያ ማሽላ ስትገዛ መጀመሪያ ዋጋ አትጠይቅም ነበር። የሻጩን ጣሳ አንስታ ትገለብጥና ቂጡን በአውራ ጣቷ ትዳስሰዋለች። ወደ ውስጥ ተቀጥቅጦ እህል የሚያጎድል ከሆነ መልሳ ታስቀምጠውና «አብሽር ልጄ፣ ዞር ዞር ልበል» ብላ ትሄዳለች። እኔ ይህን ብልሃቷን ረስቼ ነው ኢኮኖሚስት የሆንኩት።

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ቡና ስጠጣ አጠገቤ የተቀመጡ ወጣቶች «ኬንያ በኢኮኖሚ በለጠችን»፣ «አልበለጠችንም» እያሉ በቡና ሂሳብ ተወራረዱ። ይህን የምጽፍላችሁ ለእነሱና ለመሰሎቻቸው ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ጀማሪ ሳለሁ የሁለቱን አገሮች ጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት፣ ማለትም በዓመት የሚመረተውን ዕቃና አገልግሎት ዋጋ፣ የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ እንድሠራ ታዘዝኩ። የእኛን በየዓመቱ የምንዛሪ ተመን ወደ ዶላር መነዘርኩት። በ1985 መጀመሪያ ግን አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ከፍ ብሎ ነበርና መስመሬ ገደል ገባ። «ምርት ክፉኛ አሽቆለቆለ» ብዬ ጻፍኩበት። አለቃዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ ጾሙን ያደረው የትኛው ማሳ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያው ነገር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ተደገመ። ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትም ለ2025 እ.ኤ.አ. የኬንያን ምርት 132፣ የኢትዮጵያን 117 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብሎ ገመተ። ልጆቹ የተወራረዱት በዚህ ነው። የቃሉ ወረዳ ገበሬ ግን ያን ዓመት በሬውን አልፈታም፤ የተቀየረው ጣሳው ነው።

ይህን ስል ለአገሬ እያደላሁ እንዳይመስላችሁ። ጥቁር ገበያው ዶላርን በባንኩ እጥፍ ገደማ ሲሸጥ፣ በባንኩ ተመን የተሰላው የቀድሞ ቁጥራችንም ቂጡ ወደ ውጭ የተነፋ ጣሳ ነበር። ያኔ «ኬንያን በለጥን» ብለን የጨፈርነውን ማን ያስታውሳል?

የኬንያም ቢሆን ይዳሰስ። በመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. የስሌቷን መነሻ ዓመት ከ2001 ወደ 2009 አሸጋግራ ቀድሞ ያልተቆጠሩ ሥራዎችን ብታስገባ፣ ኢኮኖሚዋ በአንድ ቀን 25 በመቶ ያህል ከፍ አለ። በደንብ ስለቆጠረች አትታማም። ከዚያ በፊትና በኋላ የታተመን ቁጥር በአንድ መስመር የሚያያይዝ ሰው ግን ያልነበረ ዝላይ ይስላል። አዲሱ ስሌት ወደ ኋላ የተዘረጋበትን ሰንጠረዥ ፈልጉ። የአንድን አገር የዓመታት ጉዞ ለማየትም የዋጋ ንረት የተቀነሰበትን፣ በቋሚ ዋጋ የተሰላውን ያዙ።

የዘመን ጉዳይም አለ፤ የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፣ የእነሱ ሂሳብ ከጥር እስከ ታኅሣሥ በፈረንጅ። ይህ ቀላሉ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ የሕዝቡ ቁጥር ነው። ኬንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ቆጥራ 47.6 ሚሊዮን አገኘች። የእኛ የመጨረሻ ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ ያኔ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። ከዚያ ወዲህ ምርቱን የምናካፍለው በግምት የሕዝብ ቁጥር ነው። ስለዚህ የእኛን የነፍስ ወከፍ ገቢ እስከ ሳንቲሙ ጽፎ የሚያመጣላችሁን ሰው እኔ ብዙም አላምነው።

ልጆቹ ዞረው «ጋሼ፣ እርስዎስ ማን በለጠ ይላሉ?» አሉኝ። በባንክ ምንዛሪ ኬንያ፤ ናይሮቢና ደሴ ፀጉር መቆረጫው እኩል አይደለምና በመግዛት አቅም ሲሰላ ኢትዮጵያ፤ በነፍስ ወከፍ ደግሞ ኬንያ አልኳቸው።

«ታዲያ ውርርዱን ማን በላ?» አለ አንደኛው።

ሂሳቡን ተካፍለው ከፈሉ። የእኔንም ጨመሩልኝ።