ናኖ ሲሊካ «ይሟሟል» ወይስ «ይበተናል»?

ጥያቄ፦ ለቤተ ሙከራ መመሪያ እንዲህ ጻፍኩ፦ «2 በመቶ ናኖ ሲሊካ በኤፖክሲ ውስጥ አሟምተን፣ ማጠንከሪያውን ጨምረን፣ ከቃጫና ከፋይበርግላስ ጋር በመደባለቅ ጥንካሬው የጨመረ ድብልቅ አገኘን።» ያነበቡት ሁሉ በየራሳቸው መንገድ ተረዱት። ምኑን ላስተካክል?

መልስ፦ ሰዋስዉ ደህና ነው፤ ችግሩ የቃላት ምርጫው ላይ ነው። ከሁሉ የሚከፋው «አሟምተን» ነው። ጨው ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ቅንጣቱ ይጠፋል። ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ውሁድ፣ እዚህ እጅግ የደቀቀ ዱቄት) ግን ኤፖክሲ ውስጥ አይሟሟም፤ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሆነው ቅንጣት እንዳለ ሆኖ በሬዚኑ (ገና ባልደረቀው የኤፖክሲ ፈሳሽ) ውስጥ ይበተናል። «አሟሙ» የተባለ ተማሪ ዱቄቱ ከዓይን ሲሰወር ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ያኔ ግን ገና ነው። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ለክብደቱ ያለው የገጽ ስፋት ይጨምራል፤ ስለዚህ እርስ በርሱ ተሳስቦ ይጓጎላል። ዓይን የማያየው ጓል ደግሞ ኮምፖዚቱ (ሬዚንና ክር አንድ ላይ የሠሩት ቁስ) ሲጫን ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው። «መጓጎል» ለዱቄት የምንለው ቃል ነውና እዚህም ያለ ማብራሪያ ይገባል። «በጠበጠ» የሚለውንም አትጣሉት፦ ለመጀመሪያው ማማሰል «በጥብጡ»፣ ጓሉን ለሚፈታው የሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ የሚያርገበግብ መሣሪያ) ሥራ «በትኑ» ብትሉ ሁለቱ ደረጃዎች አይምታቱም።

«2 በመቶ» ከምን? 100 ግራም ሬዚን ላይ 2 ግራም ሲሊካ ከጨመራችሁ ከሬዚኑ ክብደት 2 በመቶ ነው። 10 ግራም ሃርድነር (ማጠንከሪያው) ሲገባ ግን ከ112 ግራሙ 1.79 በመቶ ይሆናል፤ ክሮቹ ሲታሰቡማ ከዚያም ያንሳል። በይዘት (በሚይዘው ቦታ) ከተሰላ ደግሞ ሲሊካ ከኤፖክሲ እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ቁጥሩ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ «ከሬዚኑ ክብደት 2 በመቶ» ብላችሁ ጨርሱት።

«ማጠንከሪያ» በራሱ ትክክል ነው፤ አደጋው ከ«ማጠናከሪያ» ጋር በአንድ ፊደል ብቻ መለያየቱ ነው። ክሮቹ ማጠናከሪያ ናቸው፣ ሬዚኑን የሚያደርቀው ኬሚካል ማጠንከሪያ። አንድ የትየባ ስህተት መመሪያውን ያበላሻል። ኬሚካሉን ሱቅም ቤተ ሙከራም እንደሚባለው «ሃርድነር» ማለት ይሻላል።

«ድብልቅ» ደግሞ ሦስት ነገር ተሸክሟል፦ የሬዚንና የሲሊካውን ፈሳሽ፣ ኮምፖዚቱን፣ ሃይብሪድነቱን። ለፈሳሹ ብቻ ይቅር። ኮምፖዚትን እንዳለ ጻፉት። ሃይብሪድ የሚባለው አንድ ማያያዣ (እዚህ ሬዚኑ) ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ዓይነት ማጠናከሪያ ሲኖር ነው፤ «ቅይጥ» የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን አንባቢ የብረት ቅይጥ እንዳይመስለው «ሃይብሪድ ኮምፖዚት» የሚለውን እመርጣለሁ። ክሮቹም «አይደባለቁም»፤ ይነባበራሉ፣ ሬዚኑንም ይጠጣሉ።

እንግዲህ መመሪያው እንዲህ ይሁን፦ «ከሬዚኑ ክብደት 2 በመቶ የደረቀ ናኖ ሲሊካ ጨምራችሁ በጥብጡ። ቢከሩን በረዶ ውኃ ውስጥ አስቀምጣችሁ በሶኒኬተር እያሳረፋችሁ በትኑ። አረፋውን በቫኪዩም አስወጡ። ሬዚኑ ሲቀዘቅዝ ሃርድነሩን ጨምሩና ተነባብረው በተዘረጉት ቃጫና ፋይበርግላስ ላይ አፍስሱ።» «ሲቀዘቅዝ» የሚለውን ማንም እንዳይሰርዘው፤ ሶኒኬተር ሬዚኑን ያሞቃል፣ በሞቀ ሬዚን ላይ የገባ ሃርድነር ደግሞ ክሩ ሳይርስ ሬዚኑን ያደርቀዋል።

ውጤቱን በሌላ ዓረፍተ ነገር ለዩት። «ጥንካሬው ጨመረ» ብቻውን አይበቃም፤ ሲሊካ ግትርነትን እየጨመረ የመሳብ ጥንካሬን (ሲሳብ ሳይበጠስ የሚችለውን) ሊቀንስ ይችላል፣ በተለይ ከተጓጎለ። የመሳብ ጥንካሬን በሜጋፓስካል፣ ግትርነትን በጊጋፓስካል፣ ምት መቋቋምን በኪሎጁል በካሬ ሜትር እየለያችሁ፣ ሲሊካ ከሌለበት ናሙና ጋር አነጻጽራችሁ ጻፉ።