ጠዋት ባሕር ውስጥ፣ ማታ አውሮፕላን ላይ?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ዛንዚባር ልንሄድ ነው። እሱ በመጨረሻው ቀን ጠዋት የኦክስጅን ጋን አዝሎ መጥለቅ አምሮታል። ማታ ወደ አዲስ አበባ እንበራለን። ችግር አለው? እኔ ደግሞ ዋና አልችልም። (ከሲኤምሲ)

መልስ፦ አለው እንጂ እህቴ! ጋኑ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ተራ አየር ነው። ጠልቀው ሲተነፍሱት ናይትሮጅኑ ሰውነት ውስጥ ይሟሟል። ቶሎ ከፍታ ላይ ከወጡ አረፋ ይሠራል። መገጣጠሚያ ያሳምማል፤ ሲብስ ሽባ ያደርጋል። አንዴ ከጠለቀ ቢያንስ 12፣ ከደጋገመ 18 ሰዓት ይጠብቅ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት! የመጨረሻውን ቀን በአሮጌው የከተማ ክፍል በስቶን ታውን ኡሮጆ የሚባለውን የአገሬውን ሾርባ ይብላበት።

አንቺ ምኔምባ ደሴት አጠገብ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርገሽ ተንሳፈፊ። ላይፍ ጃኬት ሳትለብሺ ግን ከጀልባው እንዳትወርጂ፤ አስጎብኚውም ካጠገብሽ አይራቅ። ቲሸርትም ልበሺ፣ ፀሐዩ ጀርባ ይልጣል።