ያለ ስኳር የጋገርሽው የፖም ኬክ መሃሉ ሊጥ የሆነው ለምንድን ነው

ጉዱ ያለው ፖሙ ውሃ ላይ እንጂ ስኳር በመቅረቱ አይደለም። ስኳር ላለባቸው እናትሽ የጋገርሽው ኬክ ዳር ዳሩ በስሎ መሃሉ ሊጥ የሆነው ጥሬ ፖም ስለከተትሽበት ነው፤ ሲሞቅ ውሃውን ሊጡ ውስጥ ይለቀዋል።

1. ፖሙን ከነልጣጩ ክተፊና ቀረፋ ጣል አድርገሽ፣ ጠብ የሚል ውሃ ሳትጨምሪ በዝግታ እሳት አብስዪው። ድስቱ ግርጌ ላይ ፈሳሽ ሲጠፋ አውጪውና በደንብ ይቀዝቅዝ።

2. ግማሹን ፉርኖ ዱቄት በአጃ ዱቄት ተኪው። ጾም ከሆነ በአንድ እንቁላል ፋንታ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 ማንኪያ ውሃ በጥብጪ፣ ቆንጆ ያያይዛል።

3. ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ አድርጊው። አንቺ የምትጋግሪባት ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ኬኩ ቶሎ ይነፋና መሃሉ ይሰምጣል።

ዝርግ ፓትራ ላይ ስስ አድርገሽ ጋግሪው።

አንድ ነገር ግን፣ ጎረቤት «ማር መድኃኒት ነው፣ እሱን አድርጊበት» ቢልሽ እንዳትሰሚ። ማርም ቴምርም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። እኛ ቤት አባባ «ስኳር የለውም» ብሎ የማሩን ኬክ ደጋግሞ በልቶ መለኪያው ያወጣው ቁጥር አስደንግጦናል። ፖሙም የራሱ ስኳር አለው፣ ስለዚህ ለእማማ አንዲት ስስ ቁራጭ ትበቃለች።