ግዙፎቹ ጥቁር ጉድጓዶች ከየት መጡ?

ጥያቄ፦ «ጥቁር ጉድጓድ የሚፈጠረው ኮከብ ሲሞት ነው ይባላል። ታዲያ ከፀሐይ በቢሊዮን እጥፍ የሚከብዱት ከየት መጡ? ጨለማ ቁስ ነው የወለዳቸው የሚባለውስ እውነት ነው?» (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይኼ ጥያቄ ሊቃውንቱንም እንቅልፍ ነስቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው ጄ0313-1806 የተባለ ኳሳር (ጋዝ በሚውጥ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ እጅግ የሚያበራ የጋላክሲ እምብርት) ጥቁር ጉድጓዱ 1.6 ቢሊዮን ፀሐይ ያህላል። ዛሬ የምናየው ብርሃኑ ከዚያ ሲነሳ የዩኒቨርሱ ዕድሜ ገና 670 ሚሊዮን ዓመት ነበር! ወረቀት ላይ አሰላሁት። 100 ፀሐይ ከሚያህል ዘር፣ ማለትም ከትንሽ መነሻ ጉድጓድ ተነስቶ፣ አቅሙ የፈቀደውን ሁሉ ሳያቋርጥ ቢውጥ እንኳ ወደ 800 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ ይኼኛው ሳይፈለፈል ሮጧል።

ስለዚህ ዘሩ ከመነሻው ትልቅ መሆን አለበት። አንዱ ሐሳብ፣ ግዙፍ የጋዝ ደመና በቀጥታ ተደርምሶ 100 ሺህ ፀሐይ የሚያህል ጉድጓድ ሆነ ይላል። እንቅፋቱ ሞለኪውላዊ ሃይድሮጅን (ሁለት ሁለት ሆኖ የተጣመረ የሃይድሮጅን አቶም) ነው። ጋዙን ያቀዘቅዘውና ወደ ትንንሽ ከዋክብት ይከፋፍለዋል።

እጅግ ቀላል ጨለማ ቁስ (የማይታይ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ቁስ) የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ቅንጣቱ ከኤሌክትሮን በቢሊዮን ቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ ከቀለለ፣ ሞገዱ (ቅንጣት ሁሉ የሞገድም ጠባይ አለው) በሺዎች የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ይረዝማል። ጋላክሲው መሃል ተከማችቶ ጥቅጥቅ ያለ እምብርት ይሠራል፤ ጋዙንም ወደ ራሱ ይስባል፤ ለትልቅ ዘርም መነሻ ሊሆን ይችላል ይባላል።

እውነት ነው ወይ ላሉኝ፣ ገና መላምት ነው። ቅንጣቱን ያገኘ የለም። እኔን ከጠየቁኝ፣ የማይታየውን በሌላ በማይታይ ማስረዳት አይዋጥልኝም። የጋዝ ደመናው ሐሳብ ይሻለኛል። በ2023 በጄምስ ዌብና በቻንድራ ቴሌስኮፖች የተጠናው ዩኤችዜድ1 የተባለ ጋላክሲም፣ ጥቁር ጉድጓዱ ከመነሻው ትልቅ እንደነበረ ስለሚጠቁም፣ ሚዛኑን ወደዚያው ይደፋዋል።